አሻግሬ እና ጓደኛው

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ስልክሽን አስቀምጪና በደንብ ስሚኝ። ይሄን ወሬ በግማሽ ጆሮ የሚሰማ ሰው ኋላ ድገሚልኝ ማለቱ አይቀርም፣ እኔ ደግሞ ስደግም ይበላሽብኛል። ሕሊናን ታውቂያት የለ? የመሪጌታ ሕሩይ ልጅ፣ አምና አብራን አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው፣ ቀጭኗ። ቅዳሜ ጠዋት ደባርቅ ውስጥ ባጃጅ ትሳፈራለች። ብርዱን ታውቂዋለሽ፣ እስካፍንጫዋ በሻርፕ ተጠቅልላለች፣ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ባጃጁ ደግሞ ዘፈን ከፍቷል። የማንን ዘፈን? የራሷን! እሷ ከአንዱ ጥግ ተጣብቃ፣ ከጎኗ የተቀመጡት ሁለት ልጆች የገዛ ድምጿን አንስተው ለሌላ ሰው ሲሸልሙባት በጆሮዋ ሰማች።

«ይቺ ልጅ ግን ትችላለች በናትህ።»

«ሊድያ ናት እኮ።»

«የቷ ሊድያ?»

«የሎጇ ነቻ! ቡይት ራስ እንግዳ የምትቀበለዋ። ፈረንጅ ሁሉ አብሯት ፎቶ የሚነሳው ለምን መሰለህ?»

«ሙት በለኝ!»

«ሙት!»

ሹፌሩ ደግሞ ማን ጠየቀው፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ፣ «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር፣ የሊድያን አንገት አይታችኋል? ያ የዘፋኝ አንገት ነው» አይልም! ሕሊና ከሻርፗ ስር አንገቷን ዳሰሰች አሉ። ሊድያ እኮ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ዘፈንኩ ብላም አታውቅም። ግን አልዘፈንኩም ብላም አታውቅም። ሰው ሲጠይቃት ፈገግ ብላ ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ በቃ፣ ያ ፈገግታ ነው ወሬውን ያዋለደው። ሕሊና እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች፣ ብርድ ገባበት፣ መልሳ ዘጋችው። መናኸሪያው ጋ ስትደርስ መልሷን ሳትቀበል ወረደች።

ለምን እኔ ነኝ እንደማትል ልንገርሽ። አሻግሬ የሚባል ልጅ አለ፣ መናኸሪያው ጀርባ ሞባይል የሚጠግን። ጓዳው ውስጥ ኦርጋንና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለው። ግድግዳውን በብርድ ልብስና በጋቢ ሸፍኖ ስቱዲዮ አድርጎታል፤ ስትገቢ ቤቱ ሁሉ ሊተኛ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። እዚያ ውስጥ እሱ ኦርጋኑን ሲመታ፣ ዱም ዱም የሚለውን በላፕቶፑ ሲሠራ፣ እሷ ስትዘፍን አንድ ሙሉ አልበም ጨረሱ። የቡድናቸው ስም «ውርጭ» ነው፣ የአልበሙ ስም «እስኪሞቀን»። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለሽ የምትሰሚው አንድ ዘፈን የለውም፤ ሁሉም ያስነሳሻል። ግን መሪጌታ ሕሩይ አሉ። ዜማ መምህር ናቸው፣ የኔታ ነው የሚባሉት፣ ስንት ደብር ላይ ዛሬ ማኅሌት የሚመራው የሳቸው ተማሪ ነው። ልጃቸው ዘፈነች ቢባል በየደጀ ሰላሙ ምን እንደሚባሉ አስቢው። ስለዚህ ሕሊና ገና ሲጀምሩ «ስሜን እንዳትጽፍ» ብላ አሻግሬን አስምላዋለች።

ከዚያማ የሆነውን አላመነችም። አንድ ሹፌር ዘፈኑን በፍላሽ ይዞ ፈረንጅ ወደ ፓርኩ ያወጣል። ፈረንጁ ደግሞ ሀገሩ ከጓደኞቹ ጋር ሸክላ የሚያሳትም ሰው ነው። ሸክላ ታውቂያለሽ? ያ ጥቁር ክቡ፣ በመርፌ የሚዘፍነው፣ አያቶቻችን የሚያወሩለት። አሁን ውጭ ሀገር ሰው ለመስማት ብቻ ሳይሆን ለመሰብሰብም ይገዛዋል አሉ፤ ቀለም ያለው፣ በቁጥር ትንሽ የታተመ፣ እያንዳንዱ ላይ ስንተኛ እንደሆነ በእጅ የተጻፈበት ከሆነማ እርስ በርስ ይሻሙበታል። ሰውየው አሻግሬን በቴሌግራም ፈልጎ አግኝቶ ተስማሙና «እስኪሞቀን» ታተመ። ታተመና ወዲያው አለቀ! አሁን አንዱ በሙክት ዋጋ ይሸጣል፣ የደባርቅ ሙክት ሳይሆን የፋሲካ ዋዜማ ሙክት። የነሱ ድርሻ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአስጎብኚ መኪና ተጭኖ ያን ሌሊት ደባርቅ ገብቷል። ሕሊና በባጃጅ የበረረችው ለዚያ ነው።

አሻግሬ ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ካርቶኑን በስክሩ መፍቻ ቀደደው። የመጀመሪያው ሸክላ ሲወጣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ቀይ ነው፣ የጭላዳ ደረት ላይ ያለው ቀይ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ነጭ ነጭ ተረጭቶበታል፣ ጠዋት ገብስ ላይ የሚያድረውን ውርጭ እንዲመስል ነው። ሕሊና በጣቷ ልትነካው ፈራች። ከዚያ ሽፋኑን ገለበጠችው። ከኋላ በአማርኛ፣ በሚያምር ፊደል፣ «አሻግሬ እና ጓደኛው» ይላል። ጓደኛው! ራሷ ናት ያዘዘችው፣ ግን ተጽፎ ስታየው ሌላ ነገር ነው። አሻግሬም አፈረ መሰለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ ሌላ ወሬ አመጣ። ሰውየው ሁለተኛውን ዕትም ሊያሳትም ነው፣ በሰማያዊ። ሽፋኑ ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሰው ሁሉ ዘፋኟ ማን ናት እያለ ስላስቸገረው ሳይመሽ ሙሉ ስሟን ላኩልኝ ብሏል።

«ሙሉ?» አለች።

«ሙሉ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንደዚያ ነው የሚጻፈው አለ።»

ችግሩ ገባሽ አይደል? ሕሊና ብቻ ቢሆን ሀገሩ ሁሉ ሕሊና ነው። ሙሉ ስም ግን አባት ያስከትላል። ሕሊና ሕሩይ። ደባርቅ ላይ ሕሩይ ብለሽ ስትጠሪ ቀና የሚል አንድ ሰው ነው ያለው። የዜማ መምህር ስም፣ ዳንስ ሸክላ ላይ፣ በሰማያዊ!

«እስቲ መጀመሪያ እንስማው» አለች ጨንቋት። በምን ይሰማ? እዚህ ላይ ሳቂ። ደባርቅን ቢያስሱ ሸክላ ማጫወቻ የለም። ሁለቱ ሰዎች የገዛ ዘፈናቸውን አቅፈው ማጫወት አልቻሉም። ሕሊና ግን አንድ ቤት ታውቃለች፤ ዳባት፣ እቴቴ ፋንታዬ ቤት። እቴቴ ፋንታዬ የመሪጌታ ሕሩይ ታላቅ እህት ናቸው። ጥንት የቡና ቤት ባለቤት አግብተው ነው ከቤተሰቡ የተቀያየሙት። ባልየው ሞተ፣ ቡና ቤቱም ተዘጋ፣ ወንድምና እህት ግን እንደዚያው ናቸው፤ አይጣሉም፣ አይነጋገሩም። የኔታ ዳባት ሲሄዱ ከደጅ ቆመው «ደህና ናችሁ?» ይላሉ፣ ከውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይመለስላቸዋል፣ በቃ። የዚያን ቤት ደፍ ረግጠው አያውቁም።

አጋጣሚውን እይልኝ፣ የኔታ የዚያን ዕለት ዳባት ተዝካር ተጠርተዋል። ሕሊና ቤት ገብታ «አባባ፣ አብሬዎት ልሂድና አክስቴን ልይ?» ስትላቸው ደስ አላቸው እንጂ ምን ብለው ይከልክሉ። ሸክላውን በነጠላ ጠቅልላ፣ ዘንቢል ውስጥ አድርጋ ሚኒባስ ገቡ። አሻግሬ ደግሞ ሸሚዙን ቀይሮ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፣ እንደማያውቃት ሆኖ መስኮት መስኮቱን ያያል። ዘንቢሉን ማን ያዘው ብትዪኝ፣ የኔታ! «አንቺ ልጅ፣ እቃሽ ይጨናነቃል፣ አምጪው» ብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። መቋሚያቸውን አገጫቸው ስር፣ የልጃቸውን ዳንስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዳዊታቸውን በቃላቸው እየደገሙ ዳባት ደረሱ። ሕሊና በየጠመዝማዛው ትንፋሿን ትይዝ ነበር፤ አሻግሬ ሳቁን ለመዋጥ ሲል ሳል በሳል ሆነ። የኔታ ዞር ብለው «ልጄ፣ ፌጦ ውሰድበት» አሉት።

የኔታ ወደ ተዝካሩ ሄዱ፣ እነሱ ወደ እቴቴ ፋንታዬ። ቤቱን ብታዪው። ባንኮኒው እንዳለ ነው፣ ከላዩ ላይ ድንች ተዘርግቶበታል። ወንበሮቹ ተደራርበው ጥግ ቆመዋል። ግድግዳው ላይ የድሮ የቢራ ቀን መቁጠሪያ፣ ልጅቷ ከወገቧ በታች በአይጥ ተበልታለች። ማጫወቻው ከቡፌው ላይ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ። እቴቴ ፋንታዬ ዳንቴሉን ሲያነሱ ሙሽራ የሚገልጡ ነው የሚመስለው። «ባሌ ከሞተ አልተነካም፣ ግን ይሠራል። አብሮ ያረጀ ነገር አይከዳም» አሉ። ሸክላውን ሲያዩ ደግሞ «ውይ፣ ቀይ! የኛ ሁሉ ጥቁር ነበር፣ ምን ዓይነት ዘመን መጣ» ብለው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። አሻግሬ መርፌውን አስቀመጠ።

መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ከዚያ... ወይኔ። ዱም፤ ቆይቶ ቆይቶ ደግሞ ዱም። ከዚያ አንድ ወፍራም፣ ዘገምተኛ፣ የሽማግሌ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ እያዛጋ መጣ። ሕሊና እንባዋ መጣ። ድምጿ የለም! ሁለት ክረምት ጋቢ ውስጥ ተደብቃ የዘፈነችው የወንድ ድምፅ ሆኖ ቁጭ።

«ፍጥነቱ ነው» አለ አሻግሬ ማጫወቻውን እያገላበጠ። «ይሄ ሸክላ ፈጥኖ እንዲዞር ነው የታተመው። የእርስዎ ማዞሪያ ተሰብሯል፣ ዝግ ባለው ላይ ቀርቷል እቴቴ።»

«እሱማ ጥንት ነው የተሰበረ። ባሌ ሆን ብሎ አላስጠገነውም። ዘፈን ሲንቀራፈፍ ሰው ብዙ ይጠጣል ይል ነበር።»

አሻግሬ በጣቱ ሊያፈጥነው እጁን ሲዘረጋ ነው ከደጅ በኩል «ቆይ! አትንኩት!» የሚል ድምፅ የመጣው።

የኔታ ናቸው። ተዝካሩ አልቆ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ከደጅ ቆመዋል። እህትዬው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። የኔታ ግን ማንንም አላዩም። ያን ስንት ዘመን ያልረገጡትን ደፍ ተሻግረው ገቡ፣ ባንኮኒው አጠገብ አንዱን የመጠጥ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዱም ባለ ቁጥር መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ ያደርጋሉ። ያ የሽማግሌ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ።

«አራራይ ነው» አሉ የኔታ ለራሳቸው፤ አራራይ ከሦስቱ የዜማ ስልቶች አንዱ ነው። «ከበሮው ልማድ የለውም፣ የባዕድ ነው። አወጣጡ ግን አራራይ ነው። ርክርኩን እዩት፣ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ... እዚያ ጋ፣ ሰማችሁ? ወደ ድፋቱ ሲወርድ ሳይቸኩል። እንዲህ የሚጥለው የኔ ጉባኤ ነው። ይሄ የኔ ተማሪ ነው።» ዓይናቸውን ገለጡ፣ በርተዋል አሉ፣ ሕሊና እንደዚያ በርተው አይታቸው አታውቅም። «ያርጋል ነው? ያ መካነ ብርሃን የወረደው?»

«አይደለም የኔታ» አለ አሻግሬ በቀጭኑ።

«እንግዲያ ማነው? ቃሉ አልሰማ አለኝ እንጂ ዜማውስ የበሰለ ነው። ማነው ይሄ ልጅ?»

እንግዲህ አስቢው። አንድ ቃል ብትዋሽ፣ አዎ ያርጋል ነው ብትል፣ ሁሉም ነገር በዚያው ይቀራል። ሕሊና ድንቹን አየች፣ የተበላችውን የቢራ ልጅ አየች።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አንቺን አልጠየቅሁም፣ የሚያዜመውን ነው።»

«የሚያዜመው እኔ ነኝ።»

አሻግሬ እንደዚያ ይደፍራል ብዬ አላስብም ነበር። ጣቱን ሸክላው ላይ አሳርፎ ፈጠን ፈጠን አድርጎ አዞረው፤ ዱም ዱም ዱም ዱም! ሽማግሌው ሄደ፣ ሕሊና መጣች፣ ጥርት ብላ፣ «ጋቢህን ጣለው፣ እንዝለል እስኪሞቀን» እያለች። የእቴቴ ፋንታዬ ትከሻ ሳይጠየቅ ተነሳ፤ ወንድማቸውን ሲያዩ መልሰው አስቀመጡት፣ ግን ልቡ አልተቀመጠም፣ ቀሚሱ ውስጥ ይታያል። ከዚያ አሻግሬ ጣቱን አነሳ፣ መርፌውንም አነሳ። ውጭ በግ የሚነዳ ሰው ያፏጫል። የኔታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እህታቸው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ደጁን ያያሉ፤ ስንት ዘመን ያልገባ ሰው ገብቶ አሁን ተቆጥቶ ሊወጣባቸው ነው።

«ይሄ ዘፈን ነው» አሉ የኔታ።

«አዎ አባባ።»

«ርክርኩ ግን የኔ ነው።»

«አዎ አባባ።»

«ማን አስተማረሽ? ከጉባኤው ተቀምጠሽ አታውቂ።»

«አልጋዬ በግድግዳው በኩል ነው።»

እቴቴ ፋንታዬ ሳቅ አመለጣቸው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እውነቷን ነው እኮ፤ ተማሪዎቹ ገና ሳይነጋ የሚያዜሙት ከራስጌዋ ጀርባ ነው፣ ከተወለደች ጀምሮ። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ሽፋኑን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«አሻግሬ እና ጓደኛው። አሻግሬ ማነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«አንተ ያ የሚኒባሱ ሳላም! ጓደኛውስ?»

«እኔ» አለች ሕሊና።

«ስም የለሽም?»

አሻግሬ ዘሎ ገባ። «ሰው እኮ የሚዘፍነው ሊድያ ናት ይላል የኔታ።»

«ሊድያ የማን ተማሪ ናት?»

«የማንም አይደለች፣ ሎጅ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት።»

ኧረ እዚህ ላይ ብታዪያቸው! ለዘፈኑ ያልተቆጡት ሰውዬ ለዚህ ከወንበሩ ተነሱ። አየሽ፣ በነሱ ቤት ተማሪ የትም ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከማን ተማርክ ነው። መምህሩን ያልጠራ እንደ ሌባ ነው የሚታየው፣ የሰው ድርሰት የራሱ ያደረገማ ከጉባኤ ይባረራል። «እኔ ይቺን ርክርክ ከየኔታዬ እግር ስር አራት ክረምት ቁራሽ ለምኜ እየበላሁ ነው ያመጣኋት! ሎጅ ውስጥ ልትገኝ?» መቋሚያው ወለሉን መታው፣ ከባንኮኒው ላይ አንድ ድንች ወደቀ። አሻግሬ ጊዜ አላጠፋም፣ የሰውየውን መልእክት አወጣና ነገራቸው፤ ዛሬ እስኪመሽ ስም ከላክን ይታረማል።

«ላኩ እንግዲያ» አሉ።

ሕሊና ስልኩን ተቀበለች። ጣቷ ቀዝቅዟል። ጻፈች፣ ቆመች፣ አባቷን ቀና ብላ አየች።

«ጨረስሽ?»

«አዎ አባባ።»

«አንብቢዋ።»

«ሕሊና።»

«የማን?»

«ሕሊና ብቻ ይበቃል ብዬ ነው... ስምዎ ዘፈን ላይ... ደጀ ሰላም ውስጥ ምን ይልዎታል ሰው?»

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ እህታቸው ነው የዞሩት፣ የሚናገሩት ግን ለሕሊና ነው። «እኔ ዘፈንሽን አልባረክሁም» አሉ፣ ግን ድምፃቸው እየወረደ። «ነገ የሚሉኝን ይሉኛል፣ ለነሱ የምመልሰውን አላጣም። አባት የሌላት ልጅ ግን አልወለድሁም። ጨምሪ።»

ጨመረች። ሕሊና ሕሩይ። ላከችው። እቴቴ ፋንታዬ ሲሮጡ ጓዳ ገብተው ጠላ በብርጭቆ ይዘው መጡ፤ ከችኮላቸው ግማሹ መሬት ነው የፈሰሰው። «ወንድምዓለም፣ እንካ» አሉ። የኔታ ብርጭቆውን አዩት፣ ቤቱን ዙሪያውን አዩት፣ «እትዬ፣ እርስዎስ አይቀመጡም?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ወንበር በመቋሚያቸው ሳብ አደረጉላቸው። ተቀመጡ፣ ሁለቱም፣ ጎን ለጎን። ከዚያ የኔታ ለአሻግሬ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ያን ነገር መልሰህ ክፈተው። በጣትህ ግን እንዳትነካው፣ እንደፊተኛው ይንቀራፈፍ።»

ሕሊና ደጅ ወጥታ ለጓደኛዋ ለየትናየት ደወለች፤ እየዘለለች ነው የምታወራው፣ ብርዱንም ረስታ። ከባጃጁ እስከ መጨረሻው አንድ ሳታስቀር ነገረቻት፣ ከውስጥ የሸክላው ሽማግሌ እያዜመ ነው። የትናየት ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ሰምታ ሰምታ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለቻት ቃል በቃል ልንገርሽ፤ «አንቺን ኋላ ተረጋግቼ አደንቅሻለሁ፤ መጀመሪያ የኔታ ራሳቸው የፈረሙበትን አንድ ሰማያዊ ሸክላ አስቀምጪልኝ፣ ነገ ፈረንጅ የሚሻማው በሱ ነው።»